ያልታጠቡት ሰማንያ ቱቦዎች

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬስ ውሃው ሞቅ ብሎልዎታል መሰለኝ… እጅዎ አልደነዘዘም።»

ለምርመራ የሚመጣውን ዓሣ የሚፈጨው የላቦራቶሪው ወጣት ይህን ያላት ቱቦ አጣቢዋን ነው። ልጁን ቀብሮ ሥራ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ድምፁን ከወትሮው ከፍ አድርጓል፤ ከመስታወቱ ወዲያ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ዋናው መርማሪ ወረቀት እያገላበጠ ተቀምጧልና።

«የጎበዝ ሰው ነገር ይደንቀኛል እትዬ። አንድ ዓሣ ሁለት ጊዜ ተመዝኖ፣ በሁለት ቱቦ አሲድ ውስጥ ሟሙቶ፣ ሁለቱ ቁጥር አንድ ሲሆን አይተው ያውቃሉ? ትንሽ ይለያያል እንጂ! እጁ የተባረከ ሰው ሲለካ ግን… የአርባ ዓሣ የሜርኩሪ መርዝ፣ የአርባውም ሁለት ሁለት ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ እኩል! ማሽኑ ራሱ ሳያፍር ቀረ?

«አርባ ዓሣ፣ ሁለት ሁለት ቱቦ… ሰማንያ አይደል? ታዲያ ያ የዓሣ ጭነት ተመረመረ በተባለበት ሳምንት ስንት አጠቡ? … ይተዉት፣ አይመልሱልኝ። ሥራ ፈትተው፣ ገና ላልተወለደችው ልጄ የሱፍ ቆብ ሠርተው የጨረሱት ያን ሳምንት ነው። እጅዎ ይባረክ። ቆቡ አሁንም አለ… አልጠበባትም።»

አጣቢዋ ቧንቧውን ዘጋች። ከመስታወቱ ወዲያ ወረቀት መገላበጡ ቆመ።

«‹ዓሣ ግማቱ ከአናቱ› ይላሉ። የድሮ ሰው ምን ያውቃል? እኛ ናሙና የምንወስደው ከጀርባው ሥጋ ነው፤ አናቱንማ ማን ደፍሮ ይመረምራል? ወረቀቱ ‹ንጹሕ› አለ፣ እኔም ከዚያው ጭነት ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ‹ለእርጉዝ ይሆናል ወይ?› ብትለኝ፣ ‹የዋናው መርማሪ ፊርማ እያለበት ምን ትፈሪያለሽ› ብዬ ያበላኋት እኔው ነኝ። ሐኪሙማ ‹ሕፃኗ በምን እንደሞተች አላወቅንም› አለ። ምን ያድርግ… ሳይለካ መናገር አልተማረ!»

ይህን ብሎ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። ክርክር ቢነሳ ተብሎ ከየዓሣው ግማሹ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከዚያ ጭነት አንዱን፣ ከነቁጥሩ አውጥቶ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ገንዳው ዳር አኖረው።

«ይቺን ለዋናው መርማሪ ይስጡልኝ። የእሱም ባለቤት አምስት ወሯን ይዛለች አሉ፤ ትብላ፣ ትጠንክር። ራሱ የመረመረውን ዓሣ ምን ብሎ ይጠረጥራል?»

በሩ ተከፈተ። ዋናው መርማሪ ወጣ፤ ዓሣውን አየ፤ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ወጣቱ ዞሮ እንኳ አላየውም።

«ግድ የለም፣ ጠግበው ይሆናል… ብቻ ምርቃቴን ልጨርስ፤ እትዬ፣ አሜን ይበሉልኝ። በሰላም ያዋልዳት። ልጁ ይደግለት፣ ይሳቅለት፣ ቆብ ይጥበበው። ድንገት እንኳ አሞት ሐኪም ቤት ቢወስደው፣ የልጁን ደም የሚመረምረው ሰው… ልክ እንደ አባቱ እጁ የተባረከ ይሁን።»