በባሮ ዳር የቆሙት ሽማግሌዎች

ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ባለው የድሮ ወደብ ሰፈር፤ ከጎሬ የልጅ ልጃቸውን መምህርት ረድኤትን ሊጠይቁ የወረዱት እማማ አጸደ እሷ በተከራየችው የድሮ የግሪክ ነጋዴ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ ከደጅ ሽማግሌዎች ቆመዋል።

አጸደ፦ በሌላ በር አስወጪኝ አልኩሽ!

ረድኤት፦ ሌላው በር ወደ ወንዙ ነው እምዬ።

አጸደ፦ በወንዙ ልሂዳ! አዞው ካንቺ ይሻለኛል። እሱ እንኳ «የድሮ ወደብ ላስጎብኝሽ» ብሎ አያታልልም።

ረድኤት፦ አላስጎበኘሁሽም? እንግሊዞቹ መርከብ ያስሩበት የነበረውን፣ ቡናው ይከማችበት የነበረውን...

አጸደ፦ አስጎበኘሽኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! «እዚህ ቤት ገብተን እንረፍ» ስትይኝ መረቅሁሽ። ለካ ሽማግሌ የሚላከው ወላጅ ቤት ነውና፣ ወላጅን ከጎሬ አምጥተሽ ቤቱ ውስጥ ልትከቺ ኖሯል!

ረድኤት፦ እናትም አባትም ሆነሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ኦቻላ እኔን ለማግባት ማንን ይጠይቅ? ባሮን?

አጸደ፦ ስለ ልጁ ክፉ አልተናገርሁም። ትናንት ዓሣውን አጥንቱን እየለቀመ ነው ያበላኝ። እኔ የፈራሁት አገሩን ነው። አባቴ ቡና ጭኖ እዚሁ ወደብ ወረደ፤ በቅሎዋ ተመለሰች፣ እሱ በወባ ቀረ።

ረድኤት፦ ያኔ መድኃኒት የት ነበር?

አጸደ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ልጄ። ጠዋት ጀልባው ላይ ስትስቂ አየሁሽ።

ረድኤት፦ ጎሬ ስስቅ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? ዝናብ ሲመጣ በር ትዘጊያለሽ፣ ፀሐይ ስትወጣ መጋረጃ። ሐምሌን ሙሉ የሰው ልጅ የማየው በመስኮት ነበር።

አጸደ፦ ጠበቅሁሽ እንጂ አሰርሁሽ?

ረድኤት፦ እኔም ይኸው እየጠበቅሁሽ ነው።

አጸደ፦ አፍሽ ላይ እሳት አለ! አንቺ የማን ዘር ነሽ?

ረድኤት፦ ያንቺ። ስሚኝ እምዬ፤ ዛሬ «አልሰማቸውም» ካልሽ ነገ አብሬሽ ጎሬ እገባለሁ። ሁለተኛ የኦቻላን ስም አላነሳም። ምዬልሻለሁ።

አጸደ፦ እንግዲያው አለቀ! ዝም እላለሁ። ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ።

ረድኤት፦ አይሄዱም።

አጸደ፦ የቆመ ሽማግሌ ገፍትሬ አልወጣ፣ እዚህ ታፍኜ አልቀር... የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ኧረ ለመሆኑ ምነው ዝናቡ ላይ? በረንዳው አይበቃቸውም?

ረድኤት፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ያንቺን እንዳያፋልሱ ብዬ አስጠናኋቸው። «ሽማግሌ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ ግን ነገሩ ሊሰማ ነው» አልኳቸው። የኦቻላ አጎት ደግሞ «መቀመጥ ካልተፈቀደልን ጣራቸው ሥርስ እንዴት እንጠለላለን?» ብለው ሁሉንም ከልክለው አቆሟቸው።

አጸደ፦ ጃንጥላስ የላቸውም?

ረድኤት፦ ላንቺ ክብር ብለው አጥፈው ያዙት።

አጸደ፦ እኔን ይድፋኝ! የትኛው ናቸው አጎትየው?

ረድኤት፦ እኚያ ረጅሙ፣ የሚያስሉት። ገና ትናንት ነው ከወባ የተነሡት። «ይቅርብዎ» ብንላቸው፣ «እናቲቱ ከደጋ ድረስ ወርደው እኔ ከመንደሬ ልቅር?» አሉን።

አጸደ፦ ከወባ ተነሥተው? በዚህ ዶፍ? ጎርፉ እኮ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል! አንቺስ ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ፣ ቆመሽ ታያለሽ?

ረድኤት፦ እኔ ብጠራቸው አይገቡም። ያንቺን ድምፅ ነው የሚጠብቁት። ግን አስቢበት እምዬ፤ ከጠራሻቸው በኋላ መመለሻ የለውም።

አጸደ፦ ነግረሽኛል፣ አትደጋግሚብኝ! ፎጣ አምጪ፣ ወንበሩን ወደዚህ ሳቢ፣ መስኮቱንም ክፈቺልኝ... እናንተ ሰዎች! ኧረ በሞቴ፣ ግቡና ተቀመጡ!