«ላይክ» የምትለዋ ቃል

ከምንኖርባት ከዩለስ ከተማ ወደ ኤርፖርት በሚወስደን የሠራተኞች ሻትል ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሀበሾች በአንድ ስልክ ኢንተርቪው ያያሉ።

«ልጅህ በሩጫ የስቴት ሻምፒዮን ሆኖ፣ ቲቪ ላይ ወጥቶ፣ አንተ ፊትህን ታኮሳትራለህ?»

«ንግግሩ ነው ያናደደኝ። ላይክ፣ ዩ ኖው፣ ላይክ! አሥራ ሰባት ጊዜ!»

«ቆጠርከው?»

«አራቴ አይቼው እንዴት አልቆጥር?»

«እዚህ ያደጉት ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ትርጉም የላትም፣ መተንፈሻቸው ናት። እኛስ ‹ማለት ነው› እንል የለ?»

«እሺ፣ ስለ አሠልጣኙ ያለውን ስማ።»

የልጁ ድምፅ ከስልኩ ወጣ፦ «ኮች ኢዝ፣ ላይክ፣ ማይ ዳድ።»

«ታዲያ ምን አለበት? እንደ አባቴ ነው ማለቱ ነው።»

«አሁን ትርጉም የላትም አላልክም? እስቲ እሷን አውጥተህ ስማው።»

ጓደኛው ቃሏን አውጥቶ ደገመው፦ «አሠልጣኙ... አባቴ ነው።»

«ቀንተሃል አንተ።»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ! በየጠዋቱ ልምምድ የሚወስደው ሰውዬው ነው። እኔ ሲሮጥ አንድ ቀን አላየሁትም። ግን ሺፍት ደራርቤ የምሠራው ለማን ነው?»

«ለእሱ ነው። ልጁም ያውቃል።»

«እናቱ ደግሞ ሰውዬውን ለእሁድ ምሳ ጠርታዋለች።»

«ጥሩ አደረገች። አመስግነው።»

«ምስጋናውን ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አደርኩ። ምላሴ እንቢ አለኝ።»

አማርኛ እንደምሰማ እንዳያውቁብኝ ብዬ፣ ምንም ሳልከፍት ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁ።