ይህ ፊት አይነካም

ለመምህርነት መታወቂያዬ ጉርድ ፎቶ ልነሣ አንድ ጠባብ ፎቶ ቤት ጎራ ባልሁበት ቀን፣ ተራዬን ስጠብቅ የሰማሁት ክርክር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከፊቴ አንዲት ወጣት ከአጎቷ ጋር ቆማለች። በክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆና ስለተቀጠረች፣ እሷም ለመታወቂያ ልትነሣ ነው የመጣችው። ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የወረደ ነጭ ለምጽ አለባት። አጎትየው ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ፎቶ አንሺው ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ይቺን ነጭ ነገር በኮምፒውተሩ አጥፋልን» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንዳትነካት!» አለች ልጅቷ። የነበርነው ሁሉ ዞር አልን።

«ምን ሆነሻል? እንዲህ ያሳደግሁሽ የሰው መሳቂያ እንድትሆኚ ነው?»

«ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በስልኬ ሳጠፋው ኖሬያለሁ። በቀን ሠላሳ ሰልፊ እነሣለሁ፤ ሃያ ዘጠኙን ሰርዤ አንዷን አሳምሬ እለጥፋለሁ። ሰው ‹ቆንጆ› ሲለኝ፣ እኔን እንዳላለ አውቃለሁ። መስታወት መሸፈን ጀመርሁ። የጓደኛዬ ሠርግ እንኳ ቀረሁ። ‹ራሷን አሟት ነው› ብለው የላኩልኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ራስሽን መስሎኝ ነዋ!»

«ፊቴን ነበር፣ ጋሼ።»

አጎትየው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ፎቶ አይደለም እንዴ? ፎቶ ቢያምር ማንን ይጎዳል?»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች፤ አጠገባቸው ቆማ አነሣቻቸው፤ ፊልተር የሚሉትን ፊት አሳማሪ ጫነችበትና ሰጠቻቸው። የሽማግሌው ግንባር ካውያ እንደነካው ልብስ ተዘርግቷል፤ ጢማቸው ጠቁሯል። «ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁ። አዩት፤ ደግመው አዩት። ከዚያ ደንበኛ ጸጉሩን የሚያበጥርበት መስታወት ፊት ቆሙ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ለካ እንዲህ አርጅቻለሁ» አሉ፣ ጉንጫቸውን እየዳሰሱ።

«ጠዋት ከቤት ሲወጡ ምንም አልጎደለብዎትም ነበር። በሁለት ደቂቃ ከራስዎ ተጣሉ። የኔን ሦስት ዓመት ያስቡት እንግዲህ!»

ሽማግሌው ከመስታወቱ ዞረው የልጅቷን ፊት አዩ። ልባቸው ሲዞር በዓይኔ አየሁ። «ይቅር በይኝ፣ እኔም አጥፋልን ስል ፊትሽን ጠላሁብሽ ማለት ነው» አሏት።

ሰልፊ መነሣት ነውር አይደለም፤ ደስታን ማስቀመጥ መልካም ነው። ሰውን የሚጎዳው፣ የራሱን ፊት ከሌላ ፊት ጋር ሲያወዳድር መዋሉ ነው። ይህን የተወ ሰው እንቅልፉን፣ ጊዜውንና ወዳጆቹን መልሶ ያገኛል። በኋላ ክሊኒኳ አግኝቻት እንደነገረችኝ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ያለ መሸፋፈን ሥራዋን ትሠራለች፤ ከባልደረቦቿ ጋር ምሳ ትበላለች፤ ሰልፊም ደስ ሲላት ትነሣለች፣ ስንት እንደተነሣች ግን አትቆጥርም።

ያን ዕለት የልጅቷ ፎቶ እንደነበረ ታትሞ ወጣ። ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ወይዘሮ አንገታቸውን አስግገው፣

«ውይ፣ ምነው ይቺን ባጠፉላት?» አሉ።

አጎትየው ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«ምኑን ነው የሚያጠፉት፣ እመቤቴ? ፊቷ እኮ ነው!»