የአባባ ፎቶ በመርሳ ገበያ

በእኛ ጊዜ ፎቶ መነሳት እንደናንተ እየበሉ እየሄዱ አልነበረም ልጄ፣ ድንጋይ ሆኖ መቀመጥ ነበር። ምን ሆነ መሰለህ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ አሰብ ወደብ ሥራ ገብቶ አራት ዓመት ሳይመጣ ቀረ፣ አባባ ደግሞ ደረታቸውን እያመማቸው ሄደ፣ እና ሰይድ በሰው «ቶሎ መምጣት አልቻልኩም፣ የአባባን ፊት ሳላየው እንዳልቀር ፎቶ አስነሱና ላኩልኝ» ብሎ ላከ። ታዲያ ከመንደራችን ከግራና ወደ መርሳ ገበያ በበቅሎ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።

ፎቶ አንሺው ከደሴ የመጣ ነው፣ በሦስት እግር የቆመ የእንጨት ሳጥን አለው፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ። አባባን መንገድ ዳር በርጩማ ላይ አስቀመጣቸውና «አባቴ፣ ክዳኑን ከፍቼ እስክዘጋው ንቅንቅ እንዳይሉ፣ ከተነቃነቁ ፊትዎ ይጠፋል» አላቸው። ምን ችግር አለ አሉ አባባ። ፎቶ አንሺው ለእኔም «ለሁለት ፎቶ የሚበቃ ወረቀት ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎኛል።

ታዲያ ከፈተ። ያን ጊዜ አንድ ግመል ነጂ በአጠገባችን ሲያልፍ «አሰላሙ አለይኩም» አይል መሰለህ። አባባም «ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ» ብለው ጤናውን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠየቁት። ፎቶ አንሺው ክንዱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ሲያጥብ ቆይቶ ወረቀቱን ቢያወጣው ፎቶው ላይ አባባ አፍ የላቸውም። «ታዲያ ዝም ብዬ ላሳልፈው ነበር?» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ።

እና እኔ መንገዱ ላይ ቆምኩልህ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እባካችሁ ሰላም አትበሉ እያልኩ፣ ሰዉም አበደች ብሎ ያየኛል። ሁለተኛው ተከፈተ። አባባ ትንፋሽ እንኳ የላቸውም። ደህና ሄደልን ስል፣ በዕድሜ አባባን የሚበልጡ አንድ ሼህ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እሳቸውን ማን ቁሙ ይላል? ሼሁ ቃልም አልተናገሩ፣ እንዲሁ ነው ያለፉት፣ አባባ ግን ብድግ አሉላቸው።

ወረቀቱ ወጣ። እግራቸው አለ፣ በርጩማው አለ፣ የጋቢው ጫፍ አለ፣ ከደረት በላይ ግን ጭስ ነው።

«አባባ፣ ልጅዎ የፈለገው ፊትዎን ነው፣ ሼሁ እኮ ይቅር ይሉዎት ነበር» አልኳቸው።

«እኔ ተቀምጬ እሳቸው ቆመው ሲያልፉ፣ ያንን ሥዕል ነው ለልጄ የምልክለት?» አሉኝ። በቅሎዬን ፈታሁ።

ፎቶ አንሺው ከደሴ ሌላ ወረቀት ይዞ ሳይመለስ አባባ ሞቱ። ያንኑ ሁለተኛውን ላክንለት፣ አፍ የሌለውን ፎቶ አንሺው እዚያው ጥሎታል፣ ሌላ የለማ። እኔ አፍሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህና በአባባም ተናድጄ ነበር፣ ሟች ላይ አይናደዱም እንጂ።

ሰይድ ለአባባ ሰደቃ መጣ፣ ፎቶው በደረት ኪሱ። ታዲያ ይቅር በለኝ፣ ፊታቸው አልወጣም ብዬ ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

«ገና ሳየው አባባ መሆናቸውን አውቄያለሁ» አለ፣ «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ለማን ነው ብድግ ያሉት?»

ነገርኩት። በማግስቱ ሄዶ የሼሁን እጅ ስሞ መጣ።