አቶ ሳህሌ ይገዙ በሕይወት ሳሉ ያልተናገሩት

አቶ ሳህሌ ይገዙ ከአባታቸው ከአቶ ይገዙ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋናዬ መኩሪያ በ1953 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። በኬሚስትሪ ተመርቀው ለአሥራ አምስት ዓመታት ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘነበወርቅና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አትላንታ ገቡ፤ ኬሚስትሪው ተቀምጦም ዳውንታውን ፓርኪንግ ለስምንት ዓመታት ሠሩ።

በ2000 ዓ.ም. ለወይዘሮ ዘነበወርቅ ኤም.አር.አይ. የሚባለው የምስል ምርመራ ታዘዘ። ኩላሊታቸው እጅግ መድከሙን ሌላ ሐኪም ነግሯቸው የነበረ ቢሆንም፣ ነገሩ ከባልና ሚስቱ አላለፈም ነበርና፣ ለማስተርጎም የቀረቡት የዕድራቸው አባል ወይዘሮ ምኞት መሆናቸውን ሲያዩ፣ የኩላሊት ሕመም አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ አቶ ሳህሌ ቀድመው የለም አሉ። ወይዘሮ ምኞትም የተባሉትን ተረጎሙ።

ምስሉ እንዲጠራ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለበት፤ ብረቱ ለብቻው መርዝ በመሆኑ በሌላ ኬሚካል ታቅፎ ይገባል፣ ኩላሊትም ያስወጣዋል። እቅፉ የላላ ሲሆንና ኩላሊት ሲያዘገየው ግን ብረቱ ያመልጣል። የወይዘሮ ዘነበወርቅ ቆዳ እንደ ደረቀ ቁርበት ጠነከረ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ፣ በሁለተኛው ዓመትም ዐረፉ። ስለ ኩላሊቱ ለሐኪሞቹ አለመነገሩ ሲሰማ፣ አስተርጓሚዋ አሳስተው ነው የሚል ሐሜት ተነሣ፤ አቶ ሳህሌ ዝም አሉ። ወይዘሮ ምኞት ማስተርጎሙን ተዉ፣ ከዕድሩም ወጡ።

አቶ ሳህሌ እንደገና ተምረው፣ ደንዉዲ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ተቀጥረው፣ የትኛው እቅፍ ብረቱን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ የትኛውስ እንደሚለቅ ለአሥራ ሁለት ዓመታት መረመሩ። ሥራውን ይወዱት ነበር ለማለት አንደፍርም፤ እንደ ንስሐ ነበር የያዙት።

የጉበት ካንሰር ይዟቸው ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ሳሉ እኛን የዕድሩን አባላት የዚህን የሕይወት ታሪክ ረቂቅ አስነብበው፣ ስለ እርሳቸው «ባደረባቸው ሕመም» ያልነውን በእጃቸው ሰርዘው፣ እንዲህ ሲሉ አደራ ሰጡን፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ደብቄ ሚስቴን ገደልሁ፤ ዝም ብዬም የሰው ስም አጠፋሁ። የለም ያልሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ምኞት ባሉበት አንብቡልኝ።» እሺ አልናቸው። ወይዘሮ ምኞት ባለፈው ሰኔ ማረፋቸውን፣ አቶ ሳህሌ ታመዋልና መርዶ አይሰሙ ብለን ደብቀናቸው ነበር።

አቶ ሳህሌ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸው ኑሃሚንና ዮናታን፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንዲት እኅት ቀርተዋቸዋል። የወይዘሮ ምኞት ልጅ ሔለንም ጥሪያችንን አክብራ ከኋላ ተቀምጣለች። ለአቶ ሳህሌ ነፍስ ዕረፍትን ከእግዚአብሔር፣ ለእርሳቸውም ለእኛም ይቅርታን ከሔለን እንለምናለን።