ኤሲው ውስጥ የሰነበተው ቄጤማ

ባለቤቴ ታክሲ ነው የሚሠራው። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ኤሲው ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ ሽታው ደግሞ አያስቀምጥም። አንዋር መስጊድ አጠገብ የሚነግዱት የዘወትር ደንበኛው እትዬ ዘይነባ መስኮት መክፈት ሰልችቷቸው፣ "ልጄ፣ ዛሬ ካላሠራኸው ከነገ ጀምሮ ሌላ መኪና እይዛለሁ" አሉት። ልጄን አዝዬ አብሬው ሶማሌ ተራ መካኒክ ጋ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ከማየቱ፣ "ጋዝ ጨርሷል" አለ። እኔ አፍንጫዬን ወደ አየር መውጫው ሳስጠጋ ሽታውን አወቅኩት፤ "ይሄማ ከበዓል በኋላ ሳይጠረግ ወለል ላይ የሰነበተ ቄጤማ ሽታ ነው" አልኩ።

"ለበዓሉ ቄጤማውን የት ነበር የሰካኸው?" አልኩት ባለቤቴን።

"መስታወት መጥረጊያው ሥር ነዋ። ምነው፣ ቤት መጥረግ መሰለሽ?"

"አዎ፣ መጠረግ ነው የቸገረው።"

መካኒኩ እየሳቀ አየር ከመጥረጊያው ሥር የሚገባበትን የኤሲ ማጣሪያ ሲመዘው፣ የበሰበሰ ቄጤማ ከነአደይ አበባው ተከትሎ ወጣ። ውስጡን ጠርጎ አዲስ ማጣሪያ ከተተበት፤ ጋዙን አልነካውም።

ማታ እትዬ ዘይነባን ልናደርስ ሄድን። ገብተው እንደተቀመጡ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ሄደና ቆመ። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ።

"ልጄ፣ ቀንስልኝ እንጂ" አሉት፤ "በረደኝ።"