እንቢ ማለት ያቃታቸው አቤቱታ ጸሐፊ

ኮምፒውተር ጠጋኟ ወደ ሱቋ ስትሄድ መንገድ ላይ ድንገት የአባቷን ታላቅ ወንድም አገኘቻቸው። ሽማግሌው ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈው ወደ ሌላ ጠጋኝ ሲያመሩ ደረሰች። ደሟ ፈላ። ይህን ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ከሰላይ ፕሮግራም አጽድታ መልሳላቸዋለች።

«ጋሼ፣ እኔ ሞቼ ነው ሌላ ሰው ጋ የሚወስዱት?»

«አንቺማ አቃተሽ! ሰላዩን አወጣሁት ትያለሽ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ቁጭ!»

ከእቅፋቸው ተቀብላ ወደ ሱቋ ገባች፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ ተከተሏት።

ሽማግሌው ቤታቸው ተቀምጠው ለባለጉዳይ የፍርድ ቤት አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩ፣ በምስጢር ጠባቂነታቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ባለጉዳያቸው የሆነች አንዲት ልብስ ሰፊ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ሰፈር እስኪሰማ ሰድባቸዋለች። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ የተከራየችውን ቤት የነገረችው ለእሳቸው ብቻ ነበር፤ አቤቱታዋ ላይ እንዲጽፉት። ባልየው ትናንት በሯ ላይ ጠበቃት። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ባይደርስላት ኖሮ አልቆላት ነበር።

«ለማንም ትንፍሽ አላልኩም!» አሉ ሽማግሌው ነገሩን ሲያጫውቷት። «እንዴት እኔን ትጠረጥራለች?»

ጠጋኟ ኮምፒውተሩን ከፍታ ስትመረምር ቆየች። «ያው ሰላይ ነው። ማነው የሚያስገባው?»

«ማንም። አንድ ጨዋ ሰው ብቻ በፍላሽ አንዲት ገጽ ፕሪንት ላድርግ ብሎኝ ወንበሬን ለቀቅኩለት።»

«እኔ ካጸዳሁት በኋላስ?»

«ሁለቱንም ጊዜ መጣ። ሲገባ ኮፍያውን ያወልቃል። ኮምፒውተሩም ‹እባክዎ ይፍቀዱ› አለኝ፣ ፈቀድኩ። እባክዎ ላለ እንቢ ይባላል እንዴ?»

የሚያናድደው ይኸው ነው! ስንቱ ትልቅ ሰው ይሉኝታ ይዞት በሩን ወለል አድርጎ ለሌባ ይከፍታል፤ ከዚያ ጠጋኙን ይሰድባል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፕሮግራም የሚጽፏትን እያንዳንዷን ፊደል ይቀዳና ይልካል።»

«ይቅዳዋ! እኔ ሽማግሌው የምደብቀው ምን አለኝ?»

ጠጋኟ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «የእርስዎን ማን ፈለገው! ባለጉዳዮችዎ የነገሩዎትስ? የሚልከው ወደዚህ ኢሜይል ነው። ያውቁታል?»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። በልብስ ሰፊዋ አቤቱታ ላይ፣ ከተከሳሹ ከባልየው ስም ሥር፣ በገዛ ጣታቸው የጻፉት የኢሜይል አድራሻ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ለባልየው የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ያንን ባለኮፍያ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ!» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው «ልከስክሰው ይሄን ጉድ!» ብለው ጮኹ።

«እንዳይነኩት! ማስረጃ ነው።» የኢሜይሉን አድራሻ ፎቶ አነሳችው፤ ሃርድ ዲስኩን ነቅላም ለፖሊስ የሚሰጥ ፖስታ ውስጥ አሸገችው። «አዲስ ዲስክ አስገብቼ ሁሉን ከዜሮ እጭናለሁ።»

«የአሥራ ሁለት ዓመት ቅጾቼስ?»

«ከድሮው ዲስክ አንድ ፋይል ብመልስ ሰላዩም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ቅጽ ይበልጣል ወይስ የሴትዮዋ ነፍስ?»

የታሸገውን ፖስታ በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት። «ይቅሩ» አሉ።

ተቆጥታም ቢሆን አስተማረቻቸው፤ የሰው ፍላሽ እንዳይሰኩ፣ ፓስወርዳቸውን ሁሉ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር እንዲቀይሩ፣ ስክሪኑ ፍቀዱ ባለ ቁጥር ማን እንደጠየቀና ለምን እንደጠየቀ ሳያውቁ እሺ እንዳይሉ። ይህን ያደረገ ሰው ሥራው አይበላሽበትም፣ አምኖት የመጣ ሰውም በእሱ ጦስ አይጎዳም።

ሽማግሌው ፖስታውን ፖሊስ ጣቢያ አድርሰው በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ወደተጠጋችበት ወደ እህቷ ቤት ሄዱ። «ልክ ነበርሽ፤ ከእኔ ቤት ነው የወጣው» አሏት። በሩን ዘጋችባቸው።

በሦስተኛው ቀን ግን መጣች። ቤት ቀይራለች፤ አቤቱታውም እንደገና መጻፍ አለበት። እጇን አጣጥፋ ከጎናቸው ቆመች እንጂ አድራሻውን አልተናገረችም። በዚህ መሃል የሰፈሩ አስተማሪ ብቅ አለና ፍላሽ ዘረጋ።

«እባክዎ ጋሼ፣ አንዲት ገጽ ብቻ።»

የሽማግሌው እጅ ከልማድ ተዘረጋ። መልሰው ሰበሰቡት።

«አይሆንም፣ ወንድሜ» አሉ። «አይሆንም።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በሉ ይጻፉ» አለቻቸውና አዲሱን አድራሻዋን ነገረቻቸው።